ጋምቤላ፤ በየብስ መካከል የነበረች ደሴት

በደጋው አገር በብዙ ቤት ጋምቤላ የሚለው ስም ሲነሣ ወዲያው የሚከተለው ቃል ንዳድ ነው። በመምህርነት ወይም በሐኪምነት የተቀጠረ ልጅ ዕጣው ወደ ጋምቤላ የወጣ እንደ ሆነ እናት ታለቅሳለች፤ ጎረቤትም እንደ ለቅሶ ደራሽ ሊያጽናናት ይመጣል። እኛም ይህን እየሰማን ስላደግን፣ በመምህርነት ሥራ በቈየንባቸው ዓመታት የአገራችንን ካርታ በሰሌዳ ላይ እየሣልን፣ «በምዕራብ ጫፍ ያለችው ይህች ጋምቤላ ናት፤ ቆላ ናት፤ ባሮ የሚባል ወንዝ ይፈስባታል» ብለን በአንድ ትንፋሽ እናልፋት ነበር። ተማሪዎቻችንም ይህንኑ በደብተራቸው ጽፈው ለፈተና አጥንተው ይረሱት ነበር።

በአንድ የጥር ወር ግን የጥምቀትን በዓል ምክንያት አድርገን ወደ ስፍራው ወርደን በዓይናችን ባየን ጊዜ፣ ያ ትምህርታችን ምን ያህል ባዶ እንደ ነበረ ተረዳን። ስለዚህ ያየነውንና ከታሪክም የተማርነውን ለዚህ መጽሔት አንባቢያን ቤተ ሰቦች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን። ምናልባትም ከአንባቢያን መካከል ልጁን ወደዚያ ለመላክ የፈራ አባት፣ ወይም ከዚያ የመጣን ልጅ በጎረቤትነት የተቀበለች እናት ብትኖር፣ ይህ ጽሑፍ ጥቂት ይጠቅማቸው ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ በጅማ፣ በበደሌና በመቱ የሚሄደው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው በአጭር ጊዜ ይደርሳል፤ ነገር ግን በምድር የሄደ ብቻ የሚያየው ብዙ ነገር አለ። ከበደሌ አልፎ እስከ መቱ ድረስ ቡና በአትክልት ስፍራ ሳይሆን በጫካ ጥላ ሥር በቅሎ ይታያል። የያዩ ጫካ ለጫካ ቡናው ሲባል በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። አንባቢ ይህን ቡና ልብ ይበልልን፤ የጋምቤላን ታሪክ ያለ ቡና መንገር አይቻልምና።

ከመቱ ቀጥሎ ጎሬ ነው። ጎሬ በከፍታ ላይ የተቀመጠ፣ ጉምና ዝናብ የማይለየው የኢሉባቦር ጥንታዊ የአስተዳደር ከተማ ነው። በዚህ ከተማ መንገደኛ ሁሉ፣ ይልቁንም የኦርቶዶክስ ክርስቲያን የሆነ፣ ጥቂት ቆሞ ማሰብ ይገባዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ሥልጣን የቀረው በዚሁ በጎሬ ነበር። በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ጵጵስና ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የሆኑት አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ነበሩ፤ ለጠላት አንገዛም ስላሉ ጣልያኖች ከተማውን ከያዙ በኋላ በ1929 ዓ.ም. በዚያው ተገደሉ። የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት የማያውቅ የለም፤ ሐውልታቸውም በአዲስ አበባ ቆሞ ይመሰክራል። የአቡነ ሚካኤልን ግን ልጆቻችን ብዙም ሲያነሡት አንሰማም። ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ሰው በእኒህ አባት ደም አጠገብ ያልፋል።

ከጎሬ በኋላ መንገዱ ወደ ታች ይወርዳል። በጎሬ ጋቢ ደርበን የተነሣን ሰዎች በቡሬ ጋቢውን አወለቅን፤ ጥቂት ዝቅ እንዳልን ኮታችንን፣ ከዚያም በኋላ ክራባታችንን አወለቅን። አብሮን በመኪናው የነበረ አንድ የአገሩ ወጣት ይህን አይቶ፣ «መምህር፣ ጋምቤላ እስክንደርስ ምን ይቀርዎታል?» ብሎ ሳቀብን። የጎሬ ከፍታ 2,000 ሜትር ያህል ሲሆን የጋምቤላ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዛፉ ይለወጣል፤ ወፉ ይለወጣል፤ ሰማዩም ይሰፋል። በደጋ ያደገ ሰው ዓይኑ በተራራ ላይ ማረፍ ስለ ለመደ፣ ያን ሜዳ ሲያይ መጀመሪያ መደገፊያ ያጣ ይመስለዋል።

ከተማይቱ ባሮን ተደግፋ የተቀመጠች ናት። ባሮ ከብርብርና ከገባ ወንዞች ተጋጥሞ፣ በጋምቤላ አልፎ፣ ከፒቦር ጋር ከተገናኘ በኋላ ሶባት የሚል ስም ይዞ በማላካል አጠገብ ወደ ነጭ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው። በጥር ወር ውኃው ስለሚጎድል አሸዋው በየስፍራው ይታያል። በወንዙ ዳር ያረጁ የማንጎ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተው፣ ከሥራቸው ሽማግሌዎች ይጫወታሉ፤ ሴቶች እንስራ ተሸክመው ያልፋሉ፤ ወጣቶች በአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ቆመው እየቀዘፉ ይሻገራሉ። ከእነርሱ በላይ ታላቁ ድልድይ የከተማይቱን ሁለት ወገን ያገናኛል። ምሽት ሲሆን ፀሐይ በወንዙ መጨረሻ ስትጠልቅ፣ የቀኑ ሙቀት ያደከመው ሰው ሁሉ ወደ ውኃው ዳር ይወጣል። በዚያ ሰዓት ጋምቤላን ያየ ሰው ንዳድ የሚለውን ቃል አስቀድሞ አያነሣም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በሩቅ ባሕር ውስጥ ያሉ፣ ከእሳተ ገሞራ የተወለዱና አየራቸው የሞቀ እንደ ካናሪ ያሉ ደሴቶች በዓለም የታወቁት መርከብ ስለሚቆምባቸው፣ ነጋዴም ስለሚሰበሰብባቸው ነው። ጋምቤላ በባሕር ውስጥ አይደለችም፤ ነገር ግን ከግማሽ ምእት ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በእውነት ደሴት ነበረች። ዙሪያዋን የከበባት ውኃ ሳይሆን የኢትዮጵያ ምድር ነበር፤ በመካከሏ ግን የሌላ መንግሥት ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለብ ነበር። ይህ እንዴት እንደ ሆነ እንናገራለን።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ስለ ኢትዮጵያና ስለ ሱዳን ወሰን ውል ተዋዋሉ። በዚያ ውል ውስጥ፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ፣ በወንዙ በኩል ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። ምኒልክም ሁለት ነገር በውሉ አስገቡ። አንደኛው ቦታው ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ እንዳይውል፣ ሁለተኛው ኪራዩ ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ጊዜ ብቻ እንዲጸና የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል ከ50 ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደ ጠቀመ በኋላ እናያለን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣቢያው የተቋቋመው ከኢታንግ ወደ ላይ ከፍ ብሎ በጋምቤላ ነው። የንግዱም አካሄድ እንዲህ ነበር። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ ከዚያም በሶባት፣ ከዚያም በባሮ ከሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጉዞ ተጉዘው ጋምቤላ ይደርሳሉ። ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። ወንዙ ከጎደለ መርከብ ስለማይሄድ፣ የዓመቱ ንግድ ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ወራት ይፈጸም ነበር። ቡናው ግን በበጋ ተለቅሞ፣ በበቅሎና በሰው ሸክም ከጎሬና ከሳዮ ማለት ከደምቢ ዶሎ ያንን ቁልቁለት መውረድ ነበረበት። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጋምቤላ መጋዘን ሠርተው ቡናውን ይቀበሉ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥትም ጉምሩኩን በዚያው አቁሞ ቀረጡን ይሰበስብ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። የጅቡቲ የምድር ባቡር አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላም ለምዕራብ ኢትዮጵያ የውጭው ዓለም በር ባሮ ነበር። በወለጋና በኢሉባቦር በብዙ ቤት በወጡ ውስጥ የገባው ጨው ከባሕር ወጥቶ በሱዳን በረሃ አልፎ በባሮ የመጣ ነበር። በደጋ ያለችው ባለቤት ጨዋታዋን ከጎረቤቷ ጋር ስትጫወት፣ የወጧ ጣዕም በዚያ በምትፈራው ቆላ በኩል እንደ መጣላት አታውቅም ነበር።

ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የጋምቤላ ቁራጭ መሬት በእንግሊዞች እጅ ስለ ነበረች ለጥቂት ዓመታት ሁለት ጠላቶች የሚተያዩባት ስፍራ ሆነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣልያኖች ያዟት። በ1933 ዓ.ም. ግን ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች አስለቀቋት፤ ከዚያም ወደ ሳዮ ወጥተው በዚያው ዓመት የጣልያኑን ጄኔራል ጋዜራን እጅ አሰጡ። ከመካከለኛው አፍሪካ ተነሥተው ሱዳንን አቋርጠው ለአገራችን ነፃነት በባሮ ዳር የወደቁ የኮንጎ ልጆች እንዳሉ ከእኛ መካከል ስንቱ ያውቃል?

ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ በወጣች ጊዜ የምኒልክ ቃል ደረሰ። የእንግሊዝና የግብጽ አስተዳደር ስላከተመ ኪራዩም አከተመ፤ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋምቤላ ያለ አንዳች ጥይት ወደ እናት አገሯ ተመለሰች። በየብስ መካከል የነበረችው ደሴት ከየብሱ ጋር ተቀላቀለች። ንግዱ ግን እንደ ቀድሞው አልቀጠለም። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ቡናውም በመኪና ወደ አዲስ አበባ መሄድ ጀመረ። ዛሬ በወንዙ ዳር ከቀድሞው ወደብ የቀሩ አሮጌ ግድግዳዎች ብቻ ይታያሉ። ልጆች በላያቸው ተቀምጠው መንጠቆ ይጥላሉ።

ስለ ምድሩ ጥቂት እንናገር። በክልሉ ከባሮ ሌላ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ የሚባሉ ወንዞች ይፈስሳሉ። በክረምት ሲሞሉ ሜዳው ሁሉ ባሕር ይሆናል፤ መንደሮችም በእውነት ደሴት ይሆናሉ። ያ ጥቁር ለም አፈር ከየት መጣ ቢባል፣ ከእኛው ተራሮች ነው። የደጋው ተራራ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተሠራ መሆኑን ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ ዝናቡ ያንን እየፈጨ፣ ወንዙም እየተሸከመ ወደዚህ ያወርደዋል። ስለዚህ በጋምቤላ ሜዳ የቆመ የደጋ ሰው የቆመው በራሱ አገር አፈር ላይ ነው።

በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ከ4,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ስፋት አለው። ዝሆን፣ ጎሽ፣ ልዩ ልዩ ወፎችም አሉበት። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው እንስሳ ነው። ይህ እንስሳ ሣርና ውኃ እየተከተለ በየዓመቱ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ መካከል ይመላለሳል። በ2016 ዓ.ም. በወጣ የአውሮፕላን ቆጠራ መሠረት፣ በደቡብ ሱዳን በኩል ከሌሎቹ የድኩላ ወገኖች ጋር በዚህ ጉዞ የሚሳተፉት እንስሳት 6 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ። በምድር ላይ ካሉት የየብስ እንስሳት ጉዞዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው ይባላል። ለእነርሱ ድንበር የሚባል ነገር የለም፤ ፓስፖርትም አይጠየቁም።

በወንዙ ውስጥ አዞም አለ። በ1958 ዓ.ም. በጋምቤላ ሲዋኝ የነበረ አንድ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባል በአዞ ተበልቶ ሞቷል። ስለዚህ የአገሩ ሰው «እዚህ አትግባ» ሲል እንግዳው መታዘዝ እንጂ መከራከር አይገባውም።

በዚህ ምድር አኝዋሃ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ፤ ከደጋውም የመጡ ብዙዎች አሉ። አኝዋሃዎች በወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ እየዘሩ ዓሣ እያሠገሩ የሚኖሩ ናቸው። ኑዌሮች ከብት አርቢዎች ሲሆኑ በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ በክረምትም ወደ ከፍተኛው ስፍራ ይመለሳሉ። መዠንግሮች በጫካ ቀፎ ሰቅለው ማር የሚቈርጡ ናቸው፤ ጫካቸውም በ2009 ዓ.ም. እንደ ያዩ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለ አገር፣ በደንገል ታንኳ ስለሚላኩ መልእክተኞች፣ ስለ ረጅምና ቁመናው ስላማረ ሕዝብም ይናገራል። በመጨረሻም ያ ሕዝብ መባውን ወደ እግዚአብሔር ስፍራ እንደሚያመጣ ያመለክታል። ይህን ምዕራፍ በልጅነታችን አንብበነዋል፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን በባሮ ዳር ቆመን እስክናይ ድረስ በልባችን አልገባም ነበር።

የጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ ወደ ባሮ ወረዱ። ሌሊቱን ሁሉ ማኅሌቱ በወንዙ ዳር ተቆመ። በደጋ በጥምቀት ሌሊት ብርድ ስለሚበረታ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፤ እዚህ ግን ካህናቱ ላባቸውን እየጠረጉ ነበር። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን መካከል ብዙዎቹ የዚያው ምድር ልጆች ነበሩ፤ ነጭ ለብሰው ከሌላው ሕዝብ በላይ ከፍ ብለው ይታዩ ነበር። ሽማግሌዎች ሕፃናት ወደ ጥልቁ ውኃ እንዳይገቡ በበትራቸው ይከለክሉ ነበር።

ሌሊቱ ሲነጋ ወንጌሉን ሊያነብ የወጣው ከአኝዋሃ ወገን የተወለደ ወጣት ዲያቆን ነበር። እኛ በዲቁና ትምህርት ያደግን ስለ ሆንን ጆሯችን ለግዕዝ ንባብ ስሕተት የተሳለ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ስሕተት እንጠብቅ ነበር። ልጁ ግን ተነሹን አንሥቶ፣ ወዳቂውን አውርዶ፣ ተጣዩንና ሰያፉን በየስፍራው አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ሰው ሁሉ ሲያመሰግን እኛ አንገታችንን ደፋን፤ ያፈርነው በእርሱ ሳይሆን በራሳችን ነበር። የደጋ ልጅ ሲያነብ ስሕተት ቆመን የምንጠብቅ አይደለንም፤ ታዲያ በእርሱ ላይ ለምን ጠበቅን? ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን አባ ሙሴ ጸሊምን እያከበረች፣ በስንክሳሯም ገድሉን እያነበበች፣ እኛ ልጆቿ ከመጽሐፉ ምን ተማርን?

በጋምቤላ የተቀበለን ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ አብሮን የተማረ የአኝዋሃ ተወላጅ ነው። በሳምንቱ ረቡዕ ወደ እናቱ ቤት ወሰደን። እናቲቱ የደጋ ሰዎች በጾም ሥጋ እንደማይበሉ ሰምተው ስለ ነበር፣ እንግዳ ጿሚ ነው ብለው ከማለዳ ጀምረው ትልቅ ዓሣ ሲያበስሉ ውለዋል። ቀርቦ ባየነው ጊዜ ደነገጥን። እኛ በጾም ዓሣ አንበላም፤ የእናት እጅ መመለስም ከባድ ነው። ወዳጃችን ነገሩን በቋንቋቸው ሲያስረዳቸው በእርሳቸው ፊት ላይ ኀዘን ይታያል ብለን ፈራን። እርሳቸው ግን እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ሳቁና አንድ ነገር ተናገሩ። ልጃቸውም፣ «እንዲያማ ከሆነ የውኃውንም ሥጋ ሥጋ ትሉታላችሁ፤ ጾማችሁ ከሰማሁት የጠነከረ ነው ትላለች» ብሎ ተረጐመልን። ወዲያው የተቀቀለ በቆሎና ማንጎ አቀረቡ፤ ዓሣውንም በጢስ ላይ ሰቀሉት። በማግሥቱ ሐሙስ ተመልሰን በላነው። እርሳቸው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደሉም፤ ጾማችንን ግን ከብዙ የእምነት ወንድሞቻችን ይልቅ አከበሩልን።

በዚያ ቀን ማታ በወንዙ ዳር ተቀምጠን ሳለ ልባችን የሚያውቀውን ነገር አነሣን። በማሠልጠኛው ጊዜ አንዳንድ ተማሪዎች ይህን ወዳጃችንን እዚህ ልንጽፈው በማይገባ የስድብ ስም ይጠሩት ነበር። በምግብ ቤት ብቻውን ይቀመጥ ነበር። እኛ ያን ስም በአፋችን አልጠራነውም፤ ሌሎቹ ሲጠሩት ግን አብረን ስቀናል። ሁለት ዓመት አብረነው ስንኖር የመንደሩን ስም እንኳ አልጠየቅነውም። ይህን ተናግረን ይቅርታ ለመንነው። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፣ «ያ ጊዜ አልፏል፤ ለአንተ አልቈጠርሁብህም። ነገር ግን ልጄ አሁን አዲስ አበባ ይማራል። ስትመለስ እንዴት እንደሚይዙት ጠይቅልኝ» አለን።

መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈውም ስለዚህ ነው።

የጋምቤላ ሕዝብ ሐዘን ብዙ ነው፤ የአገርን ውበት ብቻ ጽፎ ሐዘኑን መተው ለአንባቢ ታማኝ አለመሆን ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ፈጽሞ እስኪከለከል ድረስ ከምዕራቡ ቆላ ብዙ ልጆች ተነጥቀው ተሸጠዋል፤ ከገዢዎቹም መካከል በጠበል ተጠምቀው ማተብ ያሰሩ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከደጋው ብዙ ሕዝብ በሰፈራ ወደዚህ መጣ፤ መጪውም ተቀባዩም ሳይመከር የተሠራ ስለ ነበር መሬቱም ልቡም ጠበበ። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ብዙ የአኝዋሃ ሰዎች ተገደሉ፤ ከገዳዮቹ መካከል የደጋ ሰዎች ነበሩበት። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ታጣቂዎች በኑዌር መንደሮች ላይ ወርደው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም ወሰዱ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ጋምቤላ በሯን ለስደተኛ አልዘጋችም። በ1980ዎቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በኢታንግ፣ በደቡብ ሱዳን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ከተነሣ በኋላም በሌሎች ካምፖች ብዙ መቶ ሺህ ስደተኞችን ተቀብላለች። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺህ ያህል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተቀበለቻቸው ስደተኞች ቍጥር ከዚህ ጋር የሚተካከል ነው። ከእኛ መካከል በቤቱ ያለውን ሰው ያህል እንግዳ የተቀበለ ማን ነው?

ጋምቤላን ለመጐብኘት ለሚያስብ ሰው ጥቂት ምክር እንሰጣለን። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ከየካቲት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፤ በክረምት ብዙ መንገዶች በውኃ ይዘጋሉ። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ፣ የወባ መከላከያ ከሐኪም መቀበል፣ በአጎበር መተኛት ያስፈልጋል። ንዳድ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ የሚሸነፍ ነው። የሰውን ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ በግንባራቸው ላይ ያለውን የኑዌር ወንዶች መስመር እንደ ትርኢት አለማፍጠጥም የጨዋ ልጅ ሥርዓት ነው። ያ መስመር የወንድነት ማዕርግ ነው፤ እናቶቻችንም በአንገታቸውና በግንባራቸው የተነቀሱትን መስቀል ማንም እንዲዘባበትበት አንወድም።

በመጨረሻም የምንለው ይህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግዮን ከኤደን ከወጡት ወንዞች አንዱ ነው፤ አባቶቻችንም ዓባያችን እርሱ ነው ይላሉ። ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ በጣና በኩል ይወርዳል፤ ባሮ ከምዕራቡ ተራራ ተነሥቶ በጋምቤላ በኩል ይወርዳል። ሁለቱ ወንዞች የአንድ አገር ልጆች ሆነው በአገራቸው ምድር ላይ አንድ ቀን እንኳ አይገናኙም። የሚገናኙት በሰው አገር፣ በካርቱም ነው። እኛም እንዲሁ ነን። የደጋው ልጅና የጋምቤላው ልጅ በውጭ አገር በስደት ሲገናኙ «የአገሬ ልጅ» ተባብለው ይተቃቀፋሉ፤ በአገራቸው ግን በአንድ የትምህርት ቤት ገበታ ላይ አይጠያየቁም። ወንዞቹ መንገዳቸውን መለወጥ አይችሉም፤ ሰው ግን ይችላል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ በሰፈራችሁ ቤት ተከራይቶ እንደ ሆነ፣ በቡና ሰዓት ጥሩት። የመንደሩን ስም ጠይቁት። በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ቢመጣ ከኋላ አታስቀምጡት። ልጆቻችሁም የስድብ ስም ከአፋቸው ቢወጣ ዝም አትበሉ፤ ዝም ያለ ሰው አብሮ እንደ ሳቀ እኛ ምስክሮች ነን። ያ ልጅ አባቱ በባሮ ዳር ማንጎ ሥር ተቀምጦ፣ ልጄን እንዴት ይይዙታል እያለ የሚጠብቅ ልጅ ነው።

ለዚያ አባት መልካም መልስ እንድንልክ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።